ከምሰሶው በስተግራ ያለው በር

ኤቢሳ የሞተው ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወርድ ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አገጩ ደረቱ ላይ አርፏል፤ ቀኝ እጁ ማውሱን አልለቀቀም። ፊቱ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ሰው ቀልቷል። ምክትል ኢንስፔክተር ሲንቄ ሆርዶፋ ጤነኛ የሚመስል ሬሳ አትወድም። ጤነኛ የሚመስል ሬሳ የደበቀው ነገር አለ።

«ልብ ነው ብዬ ነበር» አለ ሳጅን በድሉ ደፉ ላይ ቆሞ። «ኋላ ግን ይኼን አየሁ።» እግሩን አንስቶ ከወንበሩ አጠገብ ወደተቀመጠው የከሰል ማንደጃ ጠቆመ።

«በእግርህ አትጠቁም። ማስረጃ ነው፣ ኳስ አይደለም።»

«እሺ ኢንስፔክተር።»

በድሉ በዕድሜ አባቷ ይሆናል። ከካቺሲ ተዛውራ አምቦ ከገባች ወዲህ ሳትቆጣው የዋለችበት ቀን የለም፤ እሱም ያኮረፈበት ቀን የለም።

ክፍሏ ከኦቦ ጋሮማ አዳራሽ ጀርባ የተለጠፈች፣ አልጋ የማታስገባ ጠባብ ክፍል ናት። ኤቢሳ ብርሃን እንዳይገባበት መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍኖ በምስማር መትቶታል፤ የበሩን ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ወትፎታል። ሐኪሙ መጥቶ ሄዷል። የጭስ መርዝ ነው ብሏል፤ ሰውን እንደ እንቅልፍ እያባበለ የሚወስድ።

ኤቢሳ ፊልም ሠሪ ነበር፤ ካሜራም ተዋናይም የሌለው ፊልም ሠሪ። በተቃውሞው ዓመታት ሰው በስልኩ እየቀረጸ ፌስቡክ ላይ የለቀቃቸውን ቪዲዮዎች ይለቅማል። የሚሮጥ እግር፣ ጭስ የለበሰ አስፋልት፣ ከራስ በላይ የተጣመረ ክንድ። አንዱን ከአንዱ ይሰፋዋል። ተራኪ የለም፣ ሙዚቃ የለም። ከፊሉ ሰው አብዷል ይለዋል፣ ከፊሉ ደግሞ ሲያየው ያለቅሳል። ፊልሙን ለከተማው ሊያሳይ የቀጠረው ለዛሬ ከሰዓት ነበር፤ በዚሁ አዳራሽ።

«ማንደጃው የማን ነው?» አለች ሲንቄ።

«የጉዴ። እግሩ በሽቦ የታሰረ ማንደጃ ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ደጇ ላይ በቆሎ ስትጠብስበት ነው የምትውለው። ትናንት አመሻሽ ላይ እዚህ በር ላይ መጥታ ‹ብትሞት አላለቅስልህም!› ብላ ስትጮህ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ይዘናታል። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ነው።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስልሳን አልፋለች።»

«ታዲያ ለትልቅ ሴት አዴ ጉዴ አይባልም?»

«ለእሷ አይባልም» አለ በድሉ፣ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚል ሰው። «አንቺ እንግዳ ስለሆንሽ ነው። በተቃውሞው ጊዜ የኤቢሳ ታናሽ ወንድም ኦሊቃ ከወታደር ሸሽቶ አንድ ቤት ተደበቀ። ወታደሮቹ ቤቱ ያለበት ቅያስ ውስጥ ገቡ፤ ሌላ በር ሳይነኩ አንዱ በር ላይ ቆሙ። ሳያንኳኩ ከውስጥ ተከፈተላቸው። አንድ ክንድ ወጥቶ ወደ ውስጥ ጠቆመላቸው። ልጁ ተጎትቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። አንድ መንገደኛ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ ቀርጾታል፤ አገር ምድሩ አይቶታል። ቅያሱ መሐል ምሰሶ አለ፤ በሩ ከምሰሶው በስተግራ ነው። ከምሰሶው በስተግራ ያለው የጉዴ ቤት ነው። አለቀ።»

«አለቀ ያልከው አንተ ነህ» አለች ሲንቄ። ጓንቷን አጥልቃ ማንደጃውን አነሳች። ከሰሉ አመድ ሆኗል። ከሥሩ ያለውን የላስቲክ ምንጣፍ በጣቷ ዳበሰችው፤ አልቀለጠም፣ አልተጨማደደም፣ ቀለሙ እንኳ አልተለወጠም። መልሳ አስቀመጠችው።

ወደ ጓሮ ዞረች። በክፍሏ ግድግዳ ግርጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባበት ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ጄኔሬተሩ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር በሰንሰለት ታስሯል። ጎንበስ ብላ የቀዳዳውን ዙሪያ በመሀረብ ጠረገችው። መሀረቡ ጠቆረ።

*

ጉዴ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት ሁለት እስረኞች ወደ አግዳሚው ጫፍ ሸሽተዋታል።

«አካም ጂርታ፣ አዴ ጉዴ» ብላ ሰላምታ ሰጠቻት ሲንቄ።

አሮጊቷ ቀና ብላ አየቻት። «ጆሮዬ ነው? ወይስ ለሚሰቀል ሰው እንዲህ ይባላል?»

«የሚሰቀል ሰው የለም። ትናንት ኤቢሳ ዘንድ ለምን ሄዱ?»

«ያንን ነገር ፊልሙ ውስጥ ከተተው አሉኝ። በስልክ ያየኝ አነሰና በአንሶላ ላይ፣ በሬ በሚያህል ሊያሳየኝ። ‹አውጣልኝ› አልኩት። በሩን ሳይከፍት ‹ነገ ነይ አዴ ጉዴ፣ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ በይ› አለኝ። መቀለዱ መሰለኝና ሰደብኩት። ብትሞት አላለቅስልህም አልኩት። አላለቀስኩምም።»

«‹አዴ› ብሎ ጠራዎት?»

ጉዴ ይኼን ነገር ገና አሁን የሰማችው ትመስላለች። «አዎ… ብሎኛል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሲያየኝ የሚተፋ ልጅ።»

«ማንደጃውን የት ነበር ያስቀመጡት?»

«እንደ ሁልጊዜው ደጄ ላይ። ጉዴ የነካችውን ማን ይነካል? ሌባ እንኳ ይጠየፈኛል።» እጇን ዘርግታ አሳየቻት፤ ጥቁረቱ ቆዳዋ ውስጥ ገብቷል። «ስሚኝ ልጄ። ያን ቀን እኔና ባሌ ጉደር ገበያ ነበርን። ቤታችን ተቆልፎ ነበር። አለቀስን፣ ማልን፤ ማን ይስማ! ቪዲዮ አለ። ባሌ በብስጭት ሞተ። ድንኳን የሚተክልልኝ አጣሁ፤ እድሩ ዕቃውን ከለከለኝ። ሬሳውን ከቤተ ክርስቲያን ያደረስኩት በኪራይ ጋሪ ነው። ጋሪው ላይ እኔና ባለ ጋሪው ብቻ ነበርን።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«መጠርጠር ደከመኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ የተበቀሉኝን ሁሉ አንድ ቀን ፊት ለፊት ማየት። ከዚያ ብትሰቅሉኝም ግድ የለኝ።»

ሲንቄ ከጣቢያው ወጥታ በእግሯ ወደ ቅያሱ ሄደች። ከአስፋልቱ ጠርዝ ቆማ ተመለከተችው። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት የቆርቆሮ አጥር፣ መሐሉ ላይ የእንጨት ምሰሶ፣ ከምሰሶው ወዲህና ወዲያ ትይዩ የሆኑ ሁለት አረንጓዴ የብረት በሮች። ግራው የጉዴ ነው። ቀኙ ላይ ኦቦ ጋሮማ ራሳቸው ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

ኦቦ ጋሮማ ባለ አዳራሽ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ በሰፈሩም የሚከበሩ። ሲያዩዋት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አዳራሹን ለኤቢሳ በነጻ ነው የሰጡት ይባላል።»

«ለልጄ ጓደኛ ላስከፍል? ፊልሙን የጀመሩት አብረው ነው፤ ጂራ ቪዲዮውን ይሰበስባል፣ ኤቢሳ ይሰፋል። እኔ እንኳ ኮምፒዩተር መክፈትም አላውቅ።»

«ኦሊቃ በተያዘበት ቀን እዚህ ነበሩ?»

«አዲስ ዓለም ነበርኩ፣ እህል ላስጭን ሄጄ። ቤት ብሆን ኖሮ ያ ልጅ ከዚህ ቅያስ አይወጣም ነበር።» ወደ ማዶው በር አፍጥጠው አዩ። «በደጄ ትይዩ ይኼን በር እያየሁ መኖር ምን እንደሆነ አታውቂም። ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ ጧት ጧት መጀመሪያ የማየው ይኼንን ነው። አንድም ቀን ‹እንደምን አደርሽ› ብያት አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አልልምም።»

*

ጂራ አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተሩን ታቅፎ እያለቀሰ አገኘችው። መልከ መልካም፣ ልብሱን የሚያውቅ ወጣት ነው። በተቃውሞው ጊዜ የለቀቃቸውን ቪዲዮዎች ያላየ ሰው በወረዳው የለም፤ መንገድ ላይ ልጆች ያጨበጭቡለታል።

«ፊልሙ መታየት አለበት» አለ ዓይኑን ጠርጎ። «ለእሱ መታሰቢያ። ሰዉ ከውጭ እየጠበቀ ነው።»

«ይታያል። ትናንት የት ነበርክ?»

«ጊንጪ። ይኼን ፕሮጀክተር ልዋስ ቀትር ላይ ወጣሁ፤ እዚያው አድሬ ጠዋት ነው የመጣሁት። ለኤቢሳ ልደውልለት ብል መስመሩ የለም። አምቦ መብራት ሲጠፋ ኔትዎርኩም አብሮ ይጠፋል፤ ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። እንዲያው ፊልሙ አልቆ ነበር?»

«እንዴታ! እንዴት ሆኗል መሰለሽ። ድሮ እኮ ቪዲዮዎቹን ስንለቅ ግራ ቀኙን እናዞረው ነበር፤ በመስታወት እንደሚታይ። እንደዚያ ካላደረግን ፌስቡክ የተደገመ ነው እያለ ያወርድብናል። አሁን ሁሉንም መልሶ አቅንቶታል። ታርጋው፣ የሱቁ ጽሑፍ፣ ሁሉም ይነበባል።»

«ጎበዝ ሰው ነበር።»

«ወንድሜ ነበር» አለና እንደገና አለቀሰ።

ሃዋኒ አታለቅስም። የኤቢሳ እጮኛ ናት፤ ፎቶ ቤት የሰርግ ቪዲዮ እየቆረጠች ራሷን ያስተማረች አርታኢ። የሟቹን ላፕቶፕ ከፍታ ለሲንቄ ወንበር ሳበችላት።

«ገመዱን እንዳትነቅይው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ሲነቀል ይጠፋል።»

«ማታ መብራት አልነበረም አይደል?»

«በጄኔሬተር ነው የሠራው። ሳይመሽ እኔ ራሴ አስነስቼለት ሄድኩ። ከጥላው ሥር ነበር።»

«ማቅናቱን የጀመረው መቼ ነው?»

«ጂራ ጊንጪ ከሄደ በኋላ ነው። በድንገት ነው የመጣለት። ‹ዓለሙን ሁሉ ካላቀናሁት አላርፍም› አለኝ። አንዷን ቪዲዮ ግን እኔ እያለሁ አልከፈተም። የወንድሙን። ‹እሷን ብቻዬን ነው› አለኝ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ኢንስፔክተር፣ ኤቢሳ ይኼን ፊልም ለጥበብ ብሎ አልሠራም። ወንድሙን የሸጠው ሰው ከተማው መሐል ቁጭ ብሎ ራሱን እንዲያይ ነው የሠራው። ‹ፍርድ ቤት አልፈልግም፣ ግድግዳ ይበቃኛል› ይል ነበር።»

«አጫውቺው።»

ፊልሙ ጀመረ። ሲንቄ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። የአንዱ ስልክ ሩጫ በሌላው ስልክ ሩጫ ውስጥ ይገባል፤ ጊንጪ የተጀመረ ጩኸት አምቦ ያልቃል። ሁሉም ቀንቷል፤ የመድኃኒት ቤቱ ጽሑፍ ይነበባል፣ የሚኒባሱ መሪ በግራ ነው። ከዚያ ቅያሱ መጣ። ጽሑፍ የለም፣ መኪና የለም፤ ቆርቆሮና ምሰሶ ብቻ። ከምሰሶው በስተግራ በሩ ተከፈተ፤ ክንዱ ወጣ፤ ልጁ ተጎተተ። ነጠላዋን የተከናነበች አንዲት መንገደኛ አጥሩን ተደግፋ አማተበች።

ሲንቄም ሳታስበው አማተበች። የእሷ እጅና የሴትዮዋ እጅ እኩል ተነሡ፤ እኩል ወረዱ። አንዲት ሴት መስታወት ፊት የቆመች ይመስል።

ሲንቄ ክንዷ ደረቷ ላይ እንዳለ ደረቀች።

«መልሺው» አለች።

*

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዶ፣ አንሶላው ተወጥሮ ተዘጋጀ። ውጭ ሰው ሞልቷል፤ ግማሹ ለፊልሙ፣ ግማሹ ጉዴን ሊሰድብ። ሲንቄ በሩን በድሉ እንዲዘጋው አዘዘች። ውስጥ የቀሩት ኦቦ ጋሮማ፣ ጂራ፣ ሃዋኒና ጉዴ ናቸው። ጉዴ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ጋሮማ ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ።

«ይቺን ሴት ከእኛ ጋር ማስቀመጥ ለምን አስፈለገ?» አሉ።

«ኤቢሳ ነው የጋበዛት። ከፊት ወንበር ብሎ» አለች ሲንቄ። ከአንሶላው ፊት ቆመች። «ከማንደጃው እንጀምር። ሳጅን፣ የጋለ ማንደጃ ላስቲክ ላይ ብታስቀምጥ ምን ይሆናል?»

«ሚስቴ ትገድለኛለች» አለ በድሉ። ቀጥሎ ነገሩ ገብቶት ቀጥ አለ። «ላስቲኩ ይቀልጣል።»

«አልቀለጠም። ማንደጃው አመዱን እንደያዘ ቀዝቅዞ ነው የገባው። ኤቢሳን የገደለው ከሰል አይደለም። አንድ ሰው አዴ ጉዴ እዚህ መጥታ መጮኋን ሰምቶ፣ ማንደጃዋን ከደጇ አንስቶ አምጥቶታል። ከደጇ ሲያነሳ ማንም ‹ምን ትሠራለህ› የማይለው ሰው።»

«ታዲያ በምን ሞተ?» አለ ጂራ።

«በጄኔሬተር። ሰንሰለቱ ተፈትቶ እስከ ግድግዳው ተገፋና ጭሱ በገመዱ ቀዳዳ እንዲገባ ተደረገ፤ ግድግዳው ላይ ጥላሸቱ አለ። ኤቢሳ ማዳመጫ አድርጓል፣ ድምፁ መቅረቡን አልሰማም። ሽታውንም ለምዶታል፤ ያለ ጄኔሬተር የሠራበት ሳምንት የለም። ሲያልቅ ጄኔሬተሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።»

ኦቦ ጋሮማ ተነሡ። «ጄኔሬተሩ የእኔ ነው። አዳራሹም የእኔ ነው። እኔን ነው የምትይው?»

«ቁጭ ይበሉ ኦቦ። ገና አልደረስኩም። ገዳዩ ከገደለ በኋላ አንድ ሥራ ሠርቷል፤ ፊልሙ ውስጥ ገብቶ አንድ ቪዲዮ ለውጧል። ኮምፒዩተር መክፈት የማያውቅ ሰው ይኼን አያደርግም። የቀሩት ሁለት ናቸው።»

ሃዋኒ ጂራን አየችው፤ ጂራም ሃዋኒን።

«ምን ተለወጠ?» አለ ጂራ። «እኔ እኮ አልነበርኩም።»

«ጠዋት ግን ታርጋው ሁሉ ይነበባል ብለህ ነገርከኝ።»

«አዎ፣ ኤቢሳ…»

«ኤቢሳ ማቅናት የጀመረው አንተ ጊንጪ ከሄድክ በኋላ ነው። ስልክ አልነበረም፤ አንተው ነህ ያልከኝ። ጠዋት ስትደርስ ላፕቶፑ በፖሊስ እጅ ነበር። ፊልሙ መቅናቱን በምን ዓይንህ አየኸው?»

«ሃዋኒ ነግራኝ ይሆናል» አለ ጂራ።

«ዛሬ ላንተ አፌን አልከፈትኩም» አለች ሃዋኒ። ድምፅዋ ቀጭንና የተሳለ ነበር። «‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› ስትለኝም አልመለስኩልህም።»

«ጊንጪና አምቦ መሐል መኪና አይጠፋም» አለች ሲንቄ። «ፕሮጀክተሩን እዚያው ትተህ አመሻሽ ላይ ተመለስክ። ኤቢሳ ያቀናውን የወንድሙን ቪዲዮ ከኋላው ቆመህ አየህ። ሥራህን ጨርሰህ ሳይነጋ እንደገና ወደ ጊንጪ ሄድክ። ሃዋኒ፣ የቅያሱን አምጪው።»

አንሶላው ላይ ቅያሱ ተዘረጋ። ጉዴ ዓይኗን አልጨፈነችም።

«ፊልሙ ውስጥ ሁሉም ቀንቷል። ይኼኛው ብቻ እንደ ዱሮው ነው። ጽሑፍ ስለሌለው፣ መኪና ስለሌለው ማን ያውቅብኛል ብሎ ነው ገዳዩ መልሶ ያዞረው። ሴትዮዋን ግን ረሳት። ሃዋኒ፣ እዚያ ላይ አቁሚው። ኦቦ ጋሮማ፣ እርስዎና ልጅዎ አታማትቡም፤ በቤታችሁ ልማዱ የለም፣ ስለዚህ ዓይናችሁ አይይዘውም። አዴ ጉዴ፣ እርስዎ ይንገሩን። ይቺ ሴት በየትኛው እጇ ነው የምታማትበው?»

ጉዴ ከወንበሯ ወደ ፊት አዘነበለች። ለረጅም ጊዜ አየች። ቀኝ እጇን አነሳች፣ ወደ ሴትዮዋ አየች፣ ወደ እጇ አየች።

«በግራዋ!» አለች። «ማርያም ድረሽ! በግራ እጁ ማን ያማትባል?»

«ማንም። ገና ሕፃን ሳለን እጃችንን እየመቱ ያስተዉናል። ሴትዮዋ ያማተበችው በቀኟ ነው። ግራ ያደረገው ቪዲዮው ነው። ይኼ ቅያስ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ዞሮ ነው የኖረው። ሃዋኒ፣ አቅኚው።»

ሃዋኒ አንድ ቁልፍ ተጫነች። አንሶላው ላይ ቅያሱ ግልብጥ አለ። የሴትዮዋ እጅ ቀኝ ሆነ። በሩ ከምሰሶው ወዲያ ማዶ ተሻገረ። ከምሰሶው በስተቀኝ አረንጓዴው በር ተከፈተ፤ ክንዱ ወጣ፤ ኦሊቃ ተጎተተ።



«የእኔ በር ነው» አሉ ኦቦ ጋሮማ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

«አዎ። በዚህ በር ጥፋተኛ የሆነ ሰው አዳራሹን በነጻ አይሰጥም፤ እርስዎ አላወቁም። ሃዋኒ ማዞርም ማቅናትም ታውቃለች፣ ግን በዚህ በር የምትደብቀው የላትም። ማዞር የሚያውቅ፣ በሩም የቤቱ የሆነ ሰው አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ የለቀቀውም እሱ ነው። መንገደኛው የቀረጸውን ሲልክለት፣ እንደ ሌሎቹ ነው ብሎ አዞረው። ሌሎቹን ያዞረው እንዳይወርዱበት ነው፤ ይኼንን ያዞረው ግን በሩን ከአባቱ ቤት ወደ ጎረቤት ሊያሻግረው ነው። ትናንት ደግሞ ቪዲዮውን ማጥፋት ይችል ነበር። አላጠፋም። አዴ ጉዴ ሁለቴ እንድትሰቀል ፈለገ፤ አንዴ በአንሶላ፣ አንዴ በፍርድ ቤት።»

ኦቦ ጋሮማ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያን ቀን እኔ አዲስ ዓለም ነበርኩ። ቤት ውስጥ አንተ ብቻ ነበርክ፣ ጂራ። በለኝ። ዱጋ ነው? እውነት ነው?»

ጂራ ወለሉን ያያል።

«ዱጋ ነው ወይ ብያለሁ!»

«ልጅ ነበርኩ!» ጮኸ ጂራ። «መንገድ ላይ ይዘው ጠመንጃ አፌ ውስጥ ከተቱ። አንዱን ስጠንና አንተን እንተውህ አሉኝ። ምን ላድርግ? ኦሊቃ ቤታችን ነበር። ቀድሜ ገብቼ በሩን ከፈትኩላቸው። ፈራሁ! ስለፈራሁ ነው የሰጠሁት። ኤቢሳ ትናንት አየኝና ሳቀ፤ ‹ነገ ከፊት ወንበር ተቀመጥ› አለኝ። በሰው ሁሉ ፊት…»

ጉዴ ተነሣች። ከሁሉም በቁመት ታንሳለች፤ ጂራ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ኦሊቃን በፍርሃት ሰጠኸው» አለች። «እሺ። ጠመንጃ ነበረብህ። እኔንስ? እኔን ስትሰጠኝ አፍህ ውስጥ ምን ነበር?»

በድሉ ካቴናውን አወጣ። ኦቦ ጋሮማ ልጃቸው ሲታሰር አላዩም፤ አንሶላው ላይ የቆመውን የራሳቸውን በር ነበር የሚያዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጉዴ መጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አዴ ጉዴ፣ ማሎ…»

«ይቀመጡ» አለች ወንበሯ ላይ ተመልሳ ቁጭ ብላ።

«እግርሽ ላይ ልውደቅ…»

«ይቀመጡ አልኩ። አንሶላው ይጋረድብኛል።»

ጋሮማ ተቀመጡ። ጉዴ ወደ ሲንቄ ዞረች።

«ውጭ ያሉት እነማን ናቸው?»

«የሰፈር ሰዎች ናቸው። የእድራችሁም አሉ። ፊልሙን ሊያዩ፣ እርስዎንም…»

«አስገቢያቸው።»

ሲንቄ ለአፍታ አሰበች። ደንቡ እስረኛውን ይዛ እንድትሄድ፣ ላፕቶፑን አሽጋ እንድትወስድ፣ አዳራሹን እንድትዘጋ ነበር የሚያዘው። ጋሪው ላይ የነበሩትን ሁለት ሰዎች አስታወሰች፤ አሮጊቷንና ባለ ጋሪውን።

«ሳጅን፣ ልጁን ከጥግ አስቀምጠው» አለች። «ከዚያ በሩን ክፈት።»

ሰዉ እየተጋፋ ገባ። ጉዴን ከፊት ሲያያት አጉረመረመ፤ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሰደባት። ሃዋኒ ማንም ሳያዛት ቅያሱን አጫወተችው፤ መጀመሪያ የዞረውን፣ ሴትዮዋ በግራ እጇ የምታማትብበትን፤ ቀጥሎ የቀናውን። ሁለተኛው ሲመጣ ማጉረምረሙ ተቆረጠ። ዓይን ሁሉ ከምሰሶው በስተቀኝ ወዳለው በር፣ ከዚያ ወደ ጋሮማ፣ ከዚያ ጥግ ላይ ካቴና ወዳጠለቀው ልጅ ሄደ። ከኋላ አንዲት ሴት «ዋቃዮ!» አለች፤ ሌላዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። የእድሩ ዳኛ ከመሐል ተነሥቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ እንባውን እያወረደ ወደ ጉዴ መጣ።

ጉዴ መዳፏን ወደ ፊቱ ዘረጋች። ባለበት ቆመ።

«ወደ ቦታህ» አለች። «ማንም እንዳይነሣ። ማንም እንዳይነካኝ።» ከወንበሯ ሳትነሣ ወደ ሃዋኒ ዞረች።

«ድገሚው።»

ሃዋኒ ደገመችው። ልጁ ተጎተተ። አዳራሹ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው በረከተ፤ አንዳንዱ ወደ በሩ መሸሽ ጀመረ። ሲንቄ ሄዳ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችውና ተደገፈችው።

«እንደገና» አለች ጉዴ።